ከታች ሱቅ፣ ከላይ ቤት

ጋሽ ሜትርን እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው ሰው ሰፈራችን ውስጥ አልነበረም። ልብስ ሰፊ ነው። የመለኪያ ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድም፣ ለቅሶ ሲደርስም፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ሲጠብቅም እንደ ሻርፕ ጣል አድርጎት ነው። አንድ ጊዜ ቀብር ላይ አንዲት ጎረቤት ጎኑን ጎሸም አድርጋ፣ «ደግሞ ሟቹን ልትለካው ነው እንዴ?» ብላው በዚያ ሁሉ ሐዘን መሀል ሰው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ነበር። ያቺ ጎረቤት አትክልት ሻጭ ናት፤ እኛ ሬዲዮ እንላታለን። ከእሷ ቀድሞ ሰፈር የደረሰ ወሬ የለም።

የድሮው ቤቱ አንድ ክፍል ነበር ማለት ይቻላል። ከፊት ወደ መንገድ የሚከፈት መስኮት፣ ከመስኮቱ ሥር የእግር ስፌት መኪናው፣ ከመኪናው ጀርባ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋ። አልጋው ላይ ባለቤቱ ትተኛለች። ድሮ አብራው ትሠራ ነበር፤ ቁልፍ የምትተክለው፣ ጫፍ የምትለቅመው፣ ደንበኛ ሲነዛነዝ የምታበርደው እሷ ነበረች። አንድ ማለዳ ሻይ ስትቀዳ ቀኝ እጇ ከዳት። ኩባያው ወደቀ፣ እሷም ተከተለችው። ሐኪሞቹ ነፍሷ መትረፉ ራሱ ተአምር ነው አሉ። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ግን እንደተኙ ቀሩ፤ አንደበቷም አብሮ ሄደ። ከስንቱ ቃሏ የቀረላት «እንግዲህ» የሚለው ብቻ ነበር።

ያንን አንድ ቃል ግን እንዴት እንደምትጠቀምበት ሰምቶ ያልተደነቀ የለም። ሻይ ሲዘገይባት ቁርጥ አድርጋ ትለዋለች። እንግዳ ሲመጣ ትጎትተዋለች። ባሏ የሰለቸ ቀልዱን እንደገና ሲጀምር ዓይኗን ጨፍና ወደ ላይ ተንፍሳ ነው የምትለው፤ ያኔ ቀልዱ መሀል ላይ ይቆማል። ሬዲዮ ራሷ፣ «እኔ ቀኑን ሙሉ ለፍልፌ የማልጨርሰውን ይቺ ሴትዮ በአንድ ቃል ትጨርሰዋለች» ትል ነበር።

ሌላም ነገር ነበራት። ቀን ቀን የምትተኛው በመኪናው ድምፅ ነው። ፔዳሉ ሲሄድ ትተኛለች፤ ሲቆም ዓይኗ ይከፈታል። ጋሽ ሜትር ጨርቅ ሊያዞር እግሩን ባነሳ ቁጥር ከመጋረጃው ጀርባ «እንግዲህ?» ይመጣል። «አለሁ፣ አለሁ፣ ተኚ» ይላል፤ ፔዳሉ ይቀጥላል። ከእሷ ድምፅ ርቆ የሠራበት አንድም ቀን አልነበረም። እንዲህ ሆነው ዓመታት አለፉ። ችግር ነበር፤ ግን ጸጋም ነበረው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከዚያ ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ተባለ። በስፍራው ትልቅ ሕንፃ ይሠራል፤ ከሥር ሱቆች፣ ቀጥሎ ቢሮዎች፣ ከዚያ በላይ መኖሪያ። የድሮ ነዋሪ በዕጣ ቤት ያገኛል፤ ሱቅ የነበረውም ሱቅ ያገኛል። አጥሩ ላይ ትልቅ ሥዕል ሰቀሉ፤ አንዲት ሴት በረንዳ ላይ ቆማ ከሥሯ ያሉትን ሱቆች እያየች ትስቃለች። ከጎኗ «ከታች ሱቅ፣ ከላይ ቤት፤ ሥራዎና ኑሮዎ በአንድ ጣሪያ ሥር» የሚል ተጽፏል። ጋሽ ሜትር ሥዕሉ ሥር ቆሞ ካጠናው በኋላ፣ «የቀሚሷ ትከሻ ተጣሟል፤ ማን እንደሰፋላት እንጃ» አለ። ቤት ገብቶ ለባለቤቱ ሲነግራት ግን በደስታ ነበር።

«አየሽ፣ ሐሳቡን ከእኛ ሰርቀው ነው! እኛ ሥራና ኑሯችንን በአንድ ጣሪያ ሥር ካደረግን ስንት ዘመናችን?»

«እንግዲህ» አለች፣ እየሳቀች።

ሕንፃው እስኪያልቅ እዚህም እዚያም በኪራይ ተበተንን። ዕጣው ሲወጣ ለጋሽ ሜትር ስድስተኛ ፎቅ ደረሰው። ሱቁ ምድር ቤት ነው፤ የኋላው ረድፍ፣ ከመጨረሻው ጥግ። ሊፍቱ ገና አልተገጠመም፤ ቦታው በሳንቃ ተዘግቷል። ከእሱ ዝቅ ያለ ፎቅ የደረሳቸውን ሁሉ እንዲለዋወጡት ለመነ። ምድር ቤት ደግሞ መኖሪያ የለም፣ ሱቅ ብቻ ነው። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ቢሮ ነው። አራተኛ ፎቅ የደረሳቸው ሰዎችም የራሳቸው አዛውንት አሏቸው። ሁሉም አንገቱን እየደፋ እምቢ አለው፤ ማንንም አልተቀየመም።

ባለቤቱን ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ አራት ሆነን፣ በየፎቁ እያረፍን አወጣናት። እንዲያም ሆኖ ያ ቀን ደስ የሚል ቀን ነበር። ከመስኮቷ ሰማይ ይታያል። ቧንቧው ከቤት ውስጥ ነው። ጋሽ ሜትር ውሃውን ከፈተላትና ግራ እጇን ሥሩ አስቀመጠላት። ብዙ ቆየች፤ እጇን አላወጣችም። ሬዲዮ አምስተኛ ፎቅ፣ ልክ ከእነሱ ሥር ነው የደረሳት፤ እየቆመች እየሄደች «እኔን እየረገጣችሁ ልትኖሩ ነው ማለት ነው» ትላለች። ሁላችንም አንድ ላይ አመስግነን ተለያየን።

በማግስቱ ጋሽ ሜትር ሱቁን ሊከፍት ወረደ። ችግሩ የገባው ያኔ ነው።

ላይ የለመደችው ድምፅ የለም። ፔዳል የለም፣ መንገድ የለም፣ መጋረጃ የለም። እሷ እንቅልፍ አጣች። እሱ ደግሞ ከታች ሆኖ ድምፅዋን አጣ። ስልክ ሰጣት፤ በግራ አውራ ጣቷ ስልኩን ማዘዝ አልቻለችም። ችላም ቢሆን ያ የኋላ ረድፍ ኔትወርክ አይገባበትም። ሬዲዮ የአትክልት ሱቋ ገና ስላልተከፈተ ቤት ትውላለች፤ ጠዋት ጠዋት ብቅ እያለች ታያታለች። ግን የራሷም ቤት፣ የራሷም ጣጣ አለባት። ስለዚህ ጋሽ ሜትር አንድ ሱሪ ሰፍቶ ሱቁን ይዘጋል፤ ደረጃውን ይወጣል፤ አይቷት ይወርዳል፤ ደግሞ ይወጣል። በዚያ ዕድሜው።

የሕንፃው አስተዳዳሪ ወጣት ሴት ናት። ክፉ አይደለችም፤ ፊቷ ሁልጊዜ የደከመው ሰው ፊት ነው። አንድ ቀን ደረጃው ሥር አገኘችው።

«አባባ፣ ዛሬም ዘግተው አገኘሁዎት።»

«ባለቤቴን አየት አድርጌ ልመጣ ነው፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ግን እኔም አለቃ አለብኝ። ገዢ የተዘጋ ሱቅ ካየ ተመልሶ አይመጣም፣ ሕንፃው ገና ስሙን እያወጣ ነው ይላሉ። ሱቅ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ሞልቷል። እየተደጋገመ ከሄደ ቁልፉን ተቀበይ ነው የምባለው።»

«እንዲያ ከሆነ መኪናዋን ላይ ላውጣትና አጠገቧ ሆኜ ልስፋ።»

«መኖሪያ ፎቅ ላይ ሥራ አይፈቀድም። ድምፅ ነዋሪ ይረብሻል ብለው ውሉ ውስጥ አስገብተውታል።»

ይህን ስትል ከላይ ሴራሚክ የሚቆርጡበት ግራይንደር ጆሮ እስኪበሳ ይጮኻል። ጋሽ ሜትር ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ።

«ይሄ ታዲያ ምንድን ነው፣ መዝሙር?»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። «እሱ ጊዜያዊ ነው፣ አባባ» አለች፣ ቶሎ ፊቷን መልሳ።

ሱቁን ቢያጣ የሚበሉት የለም። ሱቁ ውስጥ ቢቀመጥ ባለቤቱ ብቻዋን ናት። በዚህ መሀል ሆኖ ነው ያ ሰሞን ያለፈው።

አንድ ቅዳሜ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ሲሰፋ ከጀርባው ግድግዳ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማ። በሱቁ ጥግ ውሃ ወደ ጣሪያው ታንከር የሚወስድ ወፍራም የብረት ቧንቧ ያልፋል። ጆሮውን ቢያስጠጋ ድምፁ ከውስጡ ነው። ምሽት ላይ ሬዲዮን ደረጃ ላይ አገኛት።

«ከሰዓት በኋላ ምን እያደረግሽ ነበር?»

«ምስማር እየመታሁ። ምነው፣ እሱንም በሜትር ልትለካ ነው?»

ግንባሯን ሊስማት ምንም አልቀረውም። ያ ቧንቧ በእሷ ቤት ያልፋል፤ በእነሱም ቤት፣ መኝታ ክፍሉ ጥግ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ ገና ሳይሸፈን ተገትሯል። ያንኑ ምሽት አልጋውን ጎትቶ አስጠጋው። ከትርፍ ጨርቅ ሪባን ቆርጦ የሾርባ ማንኪያ በባለቤቱ ግራ እጅ አንጓ ላይ አንጠለጠለላት፤ ብትለቀውም እንዳይጠፋባት።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ወደ ቤት ሳይወጣ በቀጥታ ሱቁ ገባ። ሕንፃው ጭር ብሏል። ግንበኛም፣ ገበያተኛም የለም። ቧንቧው አጠገብ ቆሞ ጠበቀ። ሦስት ጊዜ ተንኳኳ፤ አረፍ አለ፤ ደግሞ ሦስት። ከላይ እስከ ታች እንደ ደወል ጠርቶ መጣ። እሱም በመቀሱ እጀታ ሦስት መለሰ። ከዚያ ያን ሁሉ ደረጃ እንደ ጎረምሳ ሮጦ ወጣ። ባለቤቱ አልጋዋ ላይ ማንኪያዋን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ «እንግዲህ!» አለችው፤ የፎከረች ነው የምትመስለው። ቀኑን ሙሉ ስታንኳኳ ዋለች፤ ሬዲዮ ከሥር በጣቷ ትመልስላታለች፣ እሷ ትስቃለች። ጋሽ ሜትር ተንበርክኮ አመሰገነ። እሑድ መሞከራቸውን ያን ቀን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ሰኞ ሠራተኞቹ ገቡ። ሰባተኛ ፎቅ ላይ ሴራሚክ ያነጥፋሉ። እያንዳንዱን ሴራሚክ ካስቀመጡት በኋላ በመዶሻ እጀታ መታ መታ እያደረጉ ያደላድሉታል፤ ሥሩ ባዶ መሆን አለመሆኑንም በዚያው በድምፁ ያውቃሉ። ያ ሁሉ መታ መታ በቧንቧው ይወርዳል። ጋሽ ሜትር ጠዋት ብቻ ደጋግሞ ሮጦ ወጣ። አንዴ ባለቤቱን ጣሪያውን እያየች አገኛት። ሌላ ጊዜ ገና ሸለብ ሲያደርጋት ቀሰቀሳት። «እንግዲህ?» አለችው፤ ምን ሆነህ ነው ማለቷ ነው። ሲወርድ አስተዳዳሪዋ ሱቁ በር ላይ ቆማለች።

«አባባ፣ ከዚህ በኋላ አያስቸግሩኝ። ሌላ ጊዜ ዘግተው ካገኘሁዎት የምቀበለው ቁልፉን ነው። እባክዎን።»

ያን ምሽት አልጋዋ ጫፍ ተቀመጠ።

«ስሚኝ። የእነሱ ቁጥር የለውም፤ ዝም ብለው ነው የሚወቅጡት። የአንቺ ሦስት ነው። ሦስት፣ አረፍ፣ ሦስት። ሦስት ካልሆነ አልመጣም፤ ሦስት ከሆነ ግን ሱቁ ቢቃጠልም እመጣለሁ። ተስማማን?»

«እንግዲህ» አለች።

ጥቂት ቀን ሠራ። ውሃ ስትፈልግ ሦስት ትመታለች፣ ይመጣል። አስተዳዳሪዋም ያን ያህል ጊዜ አላገኘችውም። ጋሽ ሜትር እግዚአብሔር መላ ሰጠን እያለ ለሁሉም ይናገር ነበር። ግን እሷ አትተኛም ነበር። ፔዳሉን ካጣች ጀምሮ በቀን ዓይኗን አልከደነችም፤ ፊቷ ገርጥቶ፣ ከስታ ነበር። እንቅልፍ ያጣ ሰው ዝም ብሎ መጋደም አይችልም። ተነስታ ለመሄድ መሞከር የጀመረችው ያኔ ሳይሆን አይቀርም።

ሐሙስ ዕለት ሱቁ ውስጥ አንድ ደንበኛ ነበር። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚለብሰው ሱሪ ረዝሞበት፣ ሌላ ሱሪ ስለሌለው ከልብስ መለኪያው መጋረጃ ጀርባ በውስጥ ሱሪው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

«ጋሼ፣ ቶሎ በሉልኝ፤ ሰው ቢገባ ምን እሆናለሁ?»

«ከገባማ እሱም ሱሪውን ይሰጠኛል፤ ሁለት ትሆናላችሁ» አለ ጋሽ ሜትር።

ቧንቧው ተንኳኳ። እግሩን ከፔዳሉ አነሳ። አንድ። ከዚያ ሁለት ተከታትሎ። ከዚያ መፋቅ የመሰለ ነገር። ጠበቀ። አራት፣ ያውም ልዩ ልዩ ዓይነት። ሦስት አይደለም። ፔዳሉን ረገጠ። አንዱን እግር ጨርሶ ሁለተኛውን ጀመረ። ቧንቧው አሁንም አልተወም። አንዴ ሊነሳ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ በሩን አየ፤ ሱሪ የሌለውን ሰው አየ። ስፌቱን ልጨርስና ብሎ ተቀመጠ።

ሬዲዮ አምስተኛ ፎቅ ላይ ልብስ እያጠበች ነበር። የቧንቧው ጩኸት ነርቯን በጥሶታል። ሠራተኞቹ በምሳ ሰዓት ሊያርፉ ቃል ገብተው ነበር። አረፋውን ከእጇ እንኳ ሳትለቃለቅ እየተሳደበች ወደ ሰባተኛ ወጣች።

«እናንተ ሰዎች! የምታነጥፉት የእኔን ጭንቅላት ነው?»

ሠራተኞቹ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። በእጃቸው ዳቦ ይዘዋል። አለቃቸው አፉ ውስጥ ያለውን ዋጠና፣ «እትዬ፣ ምሳ ላይ ነን እኮ» አለ።

«ታዲያ ማነው የሚቀጠቅጠው?»

አለቃው ዳቦውን ዝቅ አድርጎ ጆሮውን ወደ ቧንቧው አዘነበለ። ቧንቧው አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ ተንኳኳ።

ሬዲዮ ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታስታውሰውም። ሠራተኞቹም ዳቧቸውን ጥለው ተከተሏት። የጋሽ ሜትር ባለቤት ከአልጋው ወርዳ፣ በአልጋውና በመታጠቢያ ቤቱ በር መሀል፣ በጎኗ ወድቃ ነበር። ቀኝ ጎኗ ከሥሯ ተጣጥፏል። ግራ እጇ ወደ ቧንቧው ተዘርግቷል። የማንኪያው አንገት ታጥፏል፤ የሪባኑ ቋጠሮ አንጓዋን ልጦታል። ለመቁጠር አቅም አልነበራትም። የመታችው ክንዷ በቻለላት ቁጥር ነው።

ሠራተኞቹ በሳንቃ አድርገው አወረዷት። ጋሽ ሜትር የብዙ እግር ድምፅ ሰምቶ ከሱቁ ወጣ፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ፣ ያለቀለት ሱሪ እጁ ላይ። መጀመሪያ ያየው ማንኪያውን ነው። ሱሪውን ለማን እንደሰጠው አያውቅም። አጠገቧ ሆኖ እየሄደ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግም ነበር፦ «ሰምቻለሁ። ሰምቻለሁ እኮ።»

ዳሌዋ ተሰብሯል። ሐኪሞቹ ልቧ ቀዶ ሕክምና አይችልም አሉ። አልጋዋ ላይ ትረፍ፣ አትነሳ ብለው መለሷት። በወንበር ያወጣናትን ደረጃ አሁን በሳንቃ ወጣች።

በማግስቱ ጋሽ ሜትር የአስተዳዳሪዋን ቢሮ አንኳኩቶ ገባና ቁልፉን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረው።

«አባባ፣ እኔ እኮ አልጠየቅኩዎትም» አለች፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ሰምታ ነበር።

«አውቃለሁ ልጄ። ለሚጠብቀው ስጪው።»

«በምን ሊኖሩ ነው?»

«መኪናዋን ላይ እያወጣኋት ነው። ክልክል መሆኑን ነግረሽኛል። ድምፁ ከረበሸሽ ወጥተሽ አስቁሚኝ፤ አላኮርፍም።»

መኪናውን ተሸክመው ያወጡት ሴራሚክ አንጣፊዎቹ ናቸው። አለቃቸው ከድሮ ጎማ አራት ቁራጭ ቆርጦ ድምፁ እንዲቀንስ እግሮቹ ሥር አደረገለት። አስተዳዳሪዋ አንድም ቀን ስድስተኛ ፎቅ አልወጣችም። የሰፈር ሰው ግን ይወጣ ጀመር። መጥበብም፣ ማጠርም ያለበት ልብስ በዘንቢል ተደብቆ ይመጣል። ሬዲዮ ሱሪውን ከጎመን ሥር ከትታ፣ በጥበቃው ፊት እያቃሰተች፣ «ዘንድሮ ጎመኑ ከበደ!» እያለች ነው የምታልፈው።

ፔዳሉ በሄደ በመጀመሪያው ቀን ባለቤቱ ተኛች። ከገቡ ጀምሮ እንዲህ ተኝታ አታውቅም። እግሩን ሲያነሳ ዓይኗ ይከፈታል፤ «እንግዲህ?» ትላለች፤ «አለሁ፣ ተኚ» ይላታል። ሌላው ሁሉ ተበላሽቶ ይህ አንዱ ብቻ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከእሷ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። በየምሽቱ ለዚህ ያመሰግን እንደነበር ሬዲዮ በወለሉ በኩል ትሰማው ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮ ሾርባ ይዛ ስትመጣ ባለቤቱ ዓይኗን ጨፍናለች፣ እሱ ቁልፍ እየተከለ ነው። ቀና ሳይል ተናገረ።

«ሰምቼ ነው እኮ ስፌቱን የጨረስኩት። አልሰማሁም ብል ይሻለኝ ነበር።»

«እኔም ሰምቻለሁ» አለች ሬዲዮ። «እኔ ደግሞ የተነሳሁት ልሳደብ ነው።»

ከአልጋው «እንግዲህ» የሚል መጣ። ዞር ብለው አዩአት። ዓይኗ ተከፍቷል። የተናገረችበትን ድምፅ ሁለቱም ከዚያ በፊት ሰምተውት አያውቁም፤ የሚያለቅስ ልጅ ሲያባብሉ እንደሚሉት ያለ ነበር። ጋሽ ሜትር መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ እጇን ያዘ።

ሕንፃው የተመረቀው ዝናብ ባባራ ሰሞን ነው። ግቢው ውስጥ ድምፅ ማጉያ ተተከለ፤ ፊኛ ታሰረ፤ ሱቆቹ ሁሉ ተከፈቱ፤ የጥጉ ሱቅ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ሆኗል። ሬዲዮ የአትክልት ሱቋን ለመክፈት ስትለባብስ ከላይ የመኪናው ድምፅ ይሰማታል። ዘፈኑን አልፎ ይመጣል። መጀመሪያ «ዛሬ ሥራ በዝቶለታል» አለች። ጫማዋን አጥልቃ በሩ ላይ ደርሳ ቆመች። ድምፁ አላቆመም። ጨርቅ የሚሰፋ ሰው ማቆም አለበት፤ ጨርቁን ያዞራል፣ ክሩን ይቆርጣል። ይሄኛው ዝም ብሎ ይሄዳል። ወደ ታች መሄዱን ትታ ወደ ላይ ወጣች። አንኳኳች። በሩ አልተቆለፈም።

ጋሽ ሜትር መኪናው ላይ ተቀምጧል። ከመርፌው ሥር ጨርቅ የለም፤ ክርም አልገባበትም። ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ፣ ተጠቅልሎ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጧል። አልጋው ላይ ብርድ ልብሱ እስከ አገጭ ተስቦ፣ ጠርዙ ተስተካክሏል።

«አቆምኩ» አለ፣ ሳያያት፣ እግሩ እየሄደ። «ክር ላስገባ ብዬ አቆምኩ። አልነቃችም። ደግሜ ጀምሬ ደግሜ አቆምኩ።»

ሬዲዮ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ከሟቿ አንጓ ላይ ሪባኑን ፈታች። እሱ እግሩ እስኪዝል ድረስ ረገጠ። ከዚያ ፔዳሉ በራሱ ቆመ፤ ከታች የምርቃቱ ጭብጨባ ይሰማ ነበር። ሬዲዮ ወርዳ አላስጮኸችም። በየበሩ ቆማ፣ ቀስ ብላ አንኳኩታ ነገረችን። ሁላችንም ወጣን። ሠራተኞቹም መጡ፣ አስተዳዳሪዋም መጣች፤ ወንበር ስላልበቃ ደረጃው ላይ ሳይቀር ተቀመጥን።

ሊፍቱ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ተገጠመ። ጋሽ ሜትር እዚያው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ይሰፋል፤ ሜትሩም አንገቱ ላይ ነው። ስለ ውሉ የሚያነሳበት የለም። እንጀራው አልጎደለበትም፤ አምላክ ይመስገን። ቧንቧውን በሳንቃ እንሸፍንልህ ሲሉት ግን እምቢ አለ። አሁን ሰባተኛ ፎቅ ሰው ገብቶበታል። አንድ ቀን ከላይ ሲንኳኳ እግሩን ከፔዳሉ አነሳ። አልቆጠረም። ሥራውን ጥሎ ደረጃውን ወጣና በሩን መታ። አዲሱ ተከራይ መዶሻ በእጁ ይዞ ከፈተ።

«ደህና ናችሁ?» አለ ጋሽ ሜትር፣ እያለከለከ።

«ደህና ነን አባባ፤ መጋረጃ ልሰቅል ምስማር እየመታሁ ነው። ረበሽኩዎት?»

ጋሽ ሜትር በሰውዬው ትከሻ በኩል ወደ ውስጥ አየ። አንዲት ሴት ወንበር ላይ ቆማ የመጋረጃውን ጫፍ ይዛለች፤ ፈገግ ብላ አንገቷን ዝቅ አደረገችለት።

«እንግዲህ» አለ፤ ወደ መኪናውም ወረደ።